ከበራችን እስከ ቧንቧው

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ትራንስፎርመር ጠግኗል። የሰፈሩ ሰው «ጋሼ መብራት» ይለው ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ጥፋቱ የእሱ ይመስል በራችንን የሚያንኳኳ አይታጣም። እሱም ጫማውን እየፈለገ «እኔ ነኝ እንዴ ያጠፋሁት?» ይላል፤ ግን ይሄዳል።

ከሥራ ሲገባ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ይታጠብ ነበር፤ ዘይቱ ግን ከጥፍሩ ሥር አይለቅም። እናቴ ጃኬቱን በር ላይ አስወልቃ ውጭ ትሰቅለዋለች። አስም ነበረባት። መንገዳችን አስፋልት ስላልነበረው የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው አልጋዋ ድረስ ይገባል። በጥገና ክፍሉ ጓሮ ደግሞ ከተበላሹ ትራንስፎርመሮች የተቀዳ አሮጌ ዘይት በበርሜል ተደርድሮ ነበር፤ የፈለገ ይወስዳል፣ የሚከለክል የለም። አባቴ በየበጋው መጀመሪያ ሁለት ጀሪካን በብስክሌት ጭኖ ያመጣና በአትክልት ማጠጫ መንገዱ ላይ ያርከፈክፈዋል። መጀመሪያ በእኛ በር ብቻ ነበር። ጎረቤቶች «ለእኛስ?» ሲሉት እስከ ሕዝብ ቧንቧው ወረደ። አፈሩ ይጠቁርና አቧራው ይተኛል። በበጋ እናቴ መስኮት ከፍታ የምትተኛው በእነዚያ ሳምንታት ብቻ ነበር። ከሞተች በኋላም ሦስት ዓመት አርከፈከፈ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

እኔ በከተማው መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት የአፈር መርማሪዎች ያዘጋጁት ሪፖርት ለማኅደር እጄ ገባ። በሰፈራችን አራት ቦታ ቆፍረው በአንዱ፣ በእኛው መንገድ ዳር፣ ክሎሪን ያለበትና በዘመናት የማይበሰብስ ዘይት አግኝተዋል። ለመዳብ ሲባል ሽቦ የሚቃጠልበትን ሜዳ፣ የድሮውን የፀረ ተባይ መጋዘንና የቆሻሻ ማቃጠያውን ጠርጥረው ነበር፤ የኬሚካሉ ዓይነት ግን ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም። «ምንጭ» በሚለው ቦታ «ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። ምንጩ ካልታወቀ ደግሞ ከተቆፈረው ቦታ ሌላ የትኛው ግቢ እንደተበከለ ማወቅ አይቻልም ይላል።

ማኅተሙን አልመታሁም። ቅጂውን ይዤ ቤት ገባሁ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ዝናብ አያጥበውም?»

«አያጥበውም፣ አባዬ። ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ዶሮ ስትጭር ትውጠዋለች፤ ከዚያ ወደ አስኳሉ ይገባል።»

ያኔ ማንም እንዳላወቀ፣ በርሜሉ ላይም ምንም እንዳልተጻፈ፣ የእሱም ስም ሪፖርቱ ውስጥ የትም እንደሌለ ነገርኩት። እሱ የጠየቀኝ ሌላ ነገር ነው። የእትዬን ግቢ ቆፍረውታል ወይ አለኝ። አልቆፈሩትም አልኩት።

እትዬ የምንላት አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን ናት። ሁለት የልጅ ልጆች ታሳድጋለች። ስድስት ዶሮዎቿ በግቢዋ እንደልባቸው ይጭራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ እንቁላል ትቀቅላለች። ልብስ የምታሰጣበት ቦታ አቧራ ሲያስቸግራት፣ ግቢዋ ውስጥ ድረስ ገብቶ ዘይት ያርከፈከፈላት አባቴ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲመሽ በአጥሩ በኩል የምታጫውተውም እሷ ብቻ ነበረች። ከነገራት ያ ጨዋታ እንደሚቀርበት ያውቃል።

በማግስቱ ጢሙን ተላጭቶ ጃኬቱን ለብሶ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«ምነው ጋሼ መብራት፣ ሙሽራ መስለሃል» አለችው እየሳቀች። «የትኛዋን ሞኝ አገኘህ?»

አልሳቀም። ተቀመጥ ስትለው እንደቆመ ሁሉንም ነገራት፤ በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ አስኳሉን። መጨረሻ ላይ «እኔ ነኝ ያፈሰስኩት» አለ።

ዶሮዎቹን አየቻቸው። «ልጆቹ ዛሬም በልተዋል» አለችና ገብታ በሯን ዘጋች።

ዘጠኝ ቀን በአጥሩ በኩል ድምፅ አልተሰማም። በእነዚያ ቀናት አባቴ ከዘራውን ይዞ ዘይት ያፈሰሰበትን ሁሉ እየዞረ በኖራ ምልክት አደረገ፤ እኔ እጽፋለሁ። ከበራችን እስከ ቧንቧው «ወደ ሁለት መቶ እርምጃ» ብዬ ስጽፍ ከትከሻዬ በላይ አነበበው።

«‹ወደ› ብሎ ነገር ምንድን ነው? መዝገብ ያዥ አይደለሽ?»

ተመልሶ ከበሩ ጀመረ። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሆነ። የጻፍኩትን ለመርማሪዎቹ ሰጠን፤ በኋላ መጥተው ምልክት ያደረገበትን ቆፈሩ፤ የትም አልሳተም። የእትዬ ግቢ ከሁሉም የባሰ ነበር። ልጆቹ በሐኪም ታዩ፤ ለጊዜው ምንም አልተገኘባቸውም፣ በየዓመቱ ግን ይታያሉ። ዶሮዎቹ ተወሰዱ። በቅጹ ላይ ምንጩ እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍ የጠየቀው ራሱ አባቴ ነው፦ «የትራንስፎርመር ዘይት፤ ያፈሰሰው ጠጋኝ ራሱ እንደተናገረው።»

በአሥረኛው ቀን ሳንቃ ገዝቶ አጥሩ ሥር ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉ እንጨት የሆነ የዶሮ ቤት መሥራት ጀመረ። ከሦስት ምስማር ሁለቱ ይጣመሙበታል። ከሰዓት በኋላ እትዬ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ልጆቹ ማጥናት አልቻሉም» አለች። «ምስማሩን ነው ጣትህን የምትመታው?»

«ሁለቱንም» አላት።

የዶሮ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ «በሩን በእኔ በኩል አድርገው» አለች።

በዚያው ማታ አባቴ ወንበሩን ወደ አጥሩ አስጠጋ።

አዲሶቹ ጫጩቶች ሳንቃው ላይ አደጉ። የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ወደ ላቦራቶሪ የተላኩት አባቴ ሆስፒታል በገባበት ሳምንት ነው። ሞቶ በሃያ ሦስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ። ወስጄ ለእትዬ አነበብኩላት፤ ከሚፈቀደው መጠን አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «እኔ ምን ገባኝ» አለች፤ «ሂጂና ለእሱ ንገሪው።»

ሄድኩ። መቃብሩ አጠገብ ቆሜ ቁጥሩን እስከ ነጥቡ አነበብኩለት። «ወደ» አላልኩም።