ከገለፈትና ከፈተና ወረቀት የሠራነው ዛፍ

የልጆች ሙዚየም እንድሠራ የታዘዝኩት ሥዕል የሚችል ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው። ቦንጋ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕልና የእጅ ሥራ መምህርት ነበርኩ። ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው፤ የተመደበው ራቅ ብላ ባለችው ደካ ነበር። ዝናቡ ሲጠና መንገዱ ይበላሽና ሳንተያይ እንከርማለን። ወደ እሱ ዝውውር ጠይቄ መጠበቅ ከጀመርኩ ቆይቼ ነበር። መጠበቅም ያደክማል፤ ጠዋት ስነሳ እንኳ ደክሞኝ ነበር የምነሳው።

አንድ ቀን የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አስጠራኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ከአንዱ ስብሰባ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚሮጥ ሰው ነው።

«ፕሮጀክት መጥቷል» አለኝ። «ልጆች ስለ ቆሻሻ፣ ዕቃን መልሶ ስለመጠቀም፣ ስለ ደን እንክብካቤ የሚማሩበት ሙዚየም ነው። ክፍሉ አለ፤ የድሮው መጋዘን። ዲዛይኑን አንቺ ትሠሪዋለሽ።»

«ሙዚየም ሠርቼ አላውቅም» አልኩት።

«ማንስ ሠርቶ ያውቃል? ብቻ የፕሮጀክቱ እንግዶች ሳይመጡ ይድረስ። የዝውውርሽንም ነገር ያኔ እናየዋለን።»

ረዳት ተብለው የተመደቡልኝ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የሳይንስ መምህር ናቸው። የካፋ ተወላጅ ስለሆኑ የሙዚየሙን ጽሑፍ ወደ ካፊኖኖ ቋንቋ እንዲመልሱ ነበር የታሰበው። ጋሼ እላቸው ነበር። የመጀመሪያውን ጽሑፌን ሰጠኋቸው፤ «ጣሳ አይጣልም፣ ታጥቦ መጠጫ ይሆናል» ይላል። አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ብተረጉመው ልጆቹ ይስቁብናል» አሉኝ።

«ለምን?»

«ቤታቸው በምን የሚጠጡ ይመስልሻል?»

አላመንኳቸውም። ተማሪዎቼ ከቤታቸው የተጣለ ዕቃ እንዲያመጡ አዘዝኩ። ጀሪካን፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ያለቀ በረባሶ አመጡልኝና በመደርደሪያው ላይ ደረደርኩት። በማግስቱ እናቶች ይመጡ ጀመር። አንዷ በሩ ላይ ቆማ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ ጥፋተኛዋ እሷ የሆነች ይመስል በለሆሳስ፣ «ልጄ ጀሪካኔን ተጥሏል ብላ ሰጠችሽ፤ እኔ ግን አልጣልኩም» አለችኝ። አንስቼ ሰጠኋት። ሌሎቹም እየመጡ የየራሳቸውን ወሰዱ። ሳምንቱ ሳያልቅ መደርደሪያው ባዶ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ከጋሼ ጋር በከተማው ውስጥ የምር የሚጣል ነገር ፍለጋ ዞርን። ፌስታል ነበር፣ የትም ይበራል። ከቡና መፈልፈያው ጀርባ ደግሞ የቡና ገለፈት ተቆልሎ ይበሰብሳል፤ ጭማቂው ወደ ወንዙ ይወርዳል። በትምህርት ቤቱ መጋዘን ያረጀ የፈተና ወረቀት አይጥ ይቆራርጠዋል። እነዚህን አይቼ ነው ዛፍ እንሥራ ያልኩት። ልጅ ገብቶ የሚቆምበት፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ትልቅ ዛፍ።

አፅሙን በቀርከሃ አቆምን። በማዳበሪያ ከረጢት ገለፈት እየሞላን ግንዱን አወፈርን። ወረቀቱን ዘፍዝፈን፣ ቀጥቅጠን፣ በዱቄት ሙጫ ለውሰን ቅርፊት አለበስነው። ከክፍል በኋላ በየቀኑ እዚያ ነበርን። እጄ ይሸታል፣ ወገቤ ይቆረጣል፣ ዝናቡ አያባራም። ቅርፊቱ እንደ ሊጥ እርጥብ ሆኖ ቀረ። ከሰል አንድደን አጠገቡ አስቀመጥን፤ ጋሼ በካርቶን እያራገቡ ይቀመጣሉ። አንድ ጎን ሲደርቅ ሌላው ያዣል።

«ደክሞሻል» አሉኝ አንድ ቀን።

«በዛፉ አይደለም፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ» አሉና ማራገባቸውን ቀጠሉ።

አንድ ሰኞ በሩን ስንከፍት ዛፉ ከሥሩ እስከ ወገቡ እንጉዳይ አብቅሏል። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ እርስ በርሱ የተደራረበ። ከረጢቱን ቀዶ፣ ወረቀቱን ሰንጥቆ ወጥቷል። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ማልቀስም ፈልጌ ነበር፣ ግን ለዚያም አቅም አጣሁ።

ኃላፊው ወዲያው ሰምቶ መጣ። «ይህ በሽታ ነው የሚመስለው። እንግዶቹ ሐሙስ ይደርሳሉ፤ ይነሣ፣ ግድግዳው ላይ ዛፍ ሣይበት» ብሎ ወጣ።

ጋሼ ተከትለውት ሄዱ። ሊለምኑት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ተማሪዎቻቸውን ሰልፍ አሲዘው ተመለሱ። ልጆቹ ዛፉን ከበቡት። አንዷ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው።

«ወረቀቱን እየበላው ነው?» አለች።

«እየበላው ነው» አሉ ጋሼ። «ገለፈቱንም።»

«በልቶ ሲጨርስስ?»

«አንቺ ምን ይመስልሻል?»

አሰበች። «አፈር ይሆናል። ከዚያ እናቴ ጎመን ትተክልበታለች።»

ሌሎቹ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፤ የምሯን ነበር። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አዳመጥኳቸው። የጻፍኩት ጽሑፍ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። መደሰት እንዳለብኝ ገብቶኛል። የመጣብኝ ግን እንቅልፍ ነበር።

ልጆቹ ሲሄዱ ጋሼና እኔ ዛፉን በገጀራ ቆራርጠን ከመጋዘኑ ጀርባ ደፋነው። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ዛፍ ሣልኩ። እንግዶቹ መጡ፣ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ምሳ አለ ሲባሉ ሄዱ። ብዙ ሳይቆይ ኃላፊው ራሱ ተዛወረ። አዲሱን ስለ ዝውውሬ ስጠይቀው፣ «ማን ነው ቃል የገባልሽ?» አለኝ። ደግሜ ማመልከቻ ጻፍኩ።

ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ተከፈተ፤ ቀስ በቀስ የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ሆነ። ጋሼ ግን ጡረታ እስኪወጡ ተማሪዎቻቸውን ከመጋዘኑ ጀርባ እየወሰዱ ክምሩን ያሳዩ ነበር። አንዳንዴ እኔም እሄድ ነበር። ወረቀቱ ቀድሞ ጠፋ፤ ቀርከሃው ብዙ ቆየ። የማዳበሪያ ከረጢቶቹ ምንም አልሆኑም፤ ጋሼ በእንጨት እያነሡ ለልጆቹ ያሳዩአቸው ነበር።

ዝውውሬ በመጨረሻ ሲመጣ ጋሼ ጃንጥላ ይዘው መናኸሪያ ሸኙኝ። የደካው መኪና እስኪሞላ አብረውኝ ቆሙ።

«እዚያም ሙዚየም ሥሪ ቢሉሽስ?» አሉኝ።

«መጀመሪያ ልረፍ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ሣቅ ብለው ቦርሳዬን አቀበሉኝ። መኪናው ከከተማው ሳይወጣ እንቅልፍ ወሰደኝ።