ጣቶቼ የቀደሙኝ ከሰዓት

ጅጅጋ በመምህርነት ስመደብ ተብታባ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ባዮሎጂ ሳስተምር አንድ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ከተያዘብኝ ተማሪዎቼ በቅንነት ይጨርሱልኝ ነበር። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ጫት ላይ ይቀመጣል። እኔ አልቅምም፤ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ መጎለትም ሰለቸኝ። አንድ ቀን ከገበያው ጀርባ ካለች የቆርቆሮ ቤት ጩኸት ሰምቼ ብቅ አልኩ። ጌም ቤት ናት። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ፤ ሰው ሁሉ «ኤዶ» ይላቸዋል፣ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። ቴሌቪዥኑንም ጌሙንም ከጅቡቲ ድንበር፣ በደወሌ በኩል ያስመጡት ራሳቸው ናቸው።

«ተቀመጥ መዓሊን» አሉኝ፣ መምህር ማለታቸው ነው። «አስተማሪ አይጫወትም ያለ ማነው?» ጆይስቲክ አስያዙኝ።

የድብድብ ጌም ነበር። የመጀመሪያ ቀን ምን እንደመታኝ እንኳ ሳላውቅ ተዘረርኩ። ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ እዚያ ማሰብ ያዘገያል። ቡጢው ሲመጣ አይተህ፣ ጎንበስ ልበል ወይስ ልዝለል እያልክ ካመነታህ አለቀልህ። እጅ ሐሳብን መቅደም አለበት። ዕድሜ ልኬን እያንዳንዷን ቃል ከአፌ ሳትወጣ ስፈራት የኖርኩት ሰውዬ፣ እዚያች ወንበር ላይ የምፈራበት ጊዜ አልነበረኝም። ጣቶቼ አይንተባተቡም! ሲመሽ ሰውነቴ ሮጦ እንደመጣ ሰው ይግል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቼ ከእኔ ጋር ለመግጠም ይሻሙ ጀመር።

ከደወሌ ጭነት የሚያመላልስ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በመጣ ቁጥር ቤቱን ሁሉ አሸንፎ ይሄዳል።

«እዚህ አገር ተጫዋች የለም» አለ አንድ ቅዳሜ፣ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ።

«አለ እንጂ» አሉ ኤዶ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ወሰደ። ሁለተኛውን ወሰድኩ። በመጨረሻው ዙር ጥግ አስያዘኝ፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው የጉልበት መስመሬ እንደ ክር ቀጠነች። እግሩን ሲያነሳ እኔ አላየሁትም፤ አውራ ጣቴ ግን አይቶት ኖሯል። ዘለልኩ። ከጀርባው አረፍኩና ትንፋሽ ሳልሰጠው እያከታተልኩ መታሁት። ወደቀ።

ጩኸቱ ቆርቆሮውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው። ተማሪዎቼ ትከሻቸው ላይ አውጥተው መንገድ ላይ ይዘውኝ ወጡ።

«ሰርግ ነው እንዴ?» አለች አንዲት አላፊ ሴት።

«ከሰርግ ይበልጣል!» አሉ ኤዶ፣ ሻሻቸውን እያወዛወዙ። «መዓሊናችን አሸነፈ!»

ሹፌሩም እየሳቀ ከኋላ ተከተለን። «በሚቀጥለው ጭነት እመለሳለሁ!» ብሎ ጮኸ።

«ና!» አልኩት ከላይ ሆኜ፣ ቃሉ ሳይያዝብኝ።