በታንኩ ክዳን ሥር ያለው ጨርቅ

ከእኔ ቤት ቀጥላ የምትኖረው ልብስ ሰፊ በግድየለሽነት የማትነካቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ስፌትና አደራ። ከሰፋችው ቀሚስ ጫፍ አንዲት ክር ወጥታ ካየች ደንበኛዋን በር ላይ አስቁማ፣ ተንበርክካ ትቆርጣታለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት የቆምሁ ሰው ነኝና እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ከልቤ አከብራለሁ። ይህን የምጽፈው ግን እርሷን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ያ ጥንቃቄዋ አንድ ጊዜ ጉዳት አድርሷል፤ ጉዳቱ እንዲደገም ያደረግነው ግን እርሷ ሳትሆን እኔና አንድ መካኒክ ነን።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ለራሱም አንድ ያረጀ ነጭ የቤት መኪና ነበረው። ሕመሙ ጸንቶ ከአልጋ መነሣት ባቃተው ጊዜ ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ፣ «መኪናውን አትሽጪው፤ አንድ ቀን ያስፈልግሻል። የቤንዚን ታንኩ ባዶ እንዳይሆን፤ ባዶውን ከከረመ ይዝጋል። ክዳኑንም አጥብቀሽ ግጠሚ» ብሎ አደራ አላት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዐረፈ።

እርሷም የተባለችውን አንድ በአንድ ፈጸመች። ከወፍራም ሸራ የመኪናውን ልክ ወስዳ፣ ጠርዙን በድርብ ስፌት አጥፋ ልብስ አለበሰችው። በየሦስት ወሩ ሸራውን ከኋላ በኩል ገለጥ አድርጋ የጎደለውን ያህል ቤንዚን ከጀሪካን ትጨምርበታለች። በመጀመሪያው ዓመት ከክዳኑ ሥር ያለው የላስቲክ ቀለበት ተሰነጣጥቆ ፍርፋሪው በእጇ ላይ ቀረ። አናጺ ብትሆን ኖሮ እንጨት ትጠርብ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ናትና የምታውቀውን አደረገች። የባሏን ሰማያዊ የሥራ ኮት ከቁም ሣጥን አውጥታ ከታችኛው ጫፉ ላይ ቆረጠች፤ ስምንት እጥፍ ደራርባ በስፌት ማሽኗ ረጋግጣ፣ እንደ ቀለበት ክብ አድርጋ ሰፋችው። ክዳኑ ሥር ልክክ አለ። ባረጀ ቁጥር ከዚያው ኮት ሌላ ትሰፋለች። በዚህ ዓይነት ስድስት ዓመት አለፈ።

ባሏ እንዳለውም መኪናው የሚያስፈልግበት ቀን መጣ። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ደክመው በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄደች ደሟ በመሣሪያ ይታጠባል። ሰዓቷ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት ያረፈደ ሕመምተኛ መሣሪያው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጥበታል። እስከዚያ ድረስ ያመላልሳቸው የነበረ ጎረቤት ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ፤ እህትየው ደግሞ እግሯ አብጦ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው እንኳ መራመድ አትችልም። እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ መኪና የለኝም። እርሷ መኪና አላት፤ መንዳት አትችልም። ስለዚህ ሸራው ተነሣ።

የተጠራው መካኒክ በሰፈሩ «አፍንጫው» ይባላል፤ የመኪናን ሕመም አሽትቶ ያውቃል ስለሚሉ ነው። ግቢ ገብቶ የታንኩን ክዳን ፈታና ፊቱን አዙሮ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«እትዬ፣ ይሄ ቤንዚን አይደለም፤ ቀለም ሆኗል!»

«ቀለም ከሆነማ አጥሩን ቀባልን!» አለች እህትየው በረንዳ ላይ እንደተቀመጠች።

«ስንት ጊዜ ነው የቆመው?»

«ስድስት ዓመት ከአራት ወር» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«በመሀል አላስነሣችሁትም?»

«አስነሺው አላለኝም። ባዶ እንዳይሆን ነው ያለኝ።»

አፍንጫው አንገቱን ነቀነቀ። «በዚህ ላይ ቁልፍ እንዳታዞሩ። ይሄ ቆሻሻ ሞተር ውስጥ ከገባ እኔም አላድነውም። ታንኩ ወርዶ መታጠብ አለበት።»

«ይኸው!» አለች እህትየው፤ «እኔና እርሱ አንድ ሆንን። ሁለታችንም ካልታጠብን አንነሣም።»

ሁላችንም ሳቅን። እህትየው ስትስቅ ትንፋሿ ስለሚያጥር ሳቁ ቶሎ ቆመ።

መኪናውን አስጎትተን ጋራዥ ስናደርስ ከአፍንጫው ጋር አብሬ ዋልሁ። ሥራውን እንደሚያከብር ሰው ነበር የሚሠራው። አስቀድሞ ባትሪውን ፈታ፤ በአካባቢው ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እንዳይኖር ዞር ዞር ብሎ ተመለከተ፤ ከዚያም በታንኩ ሥር አፉ የተቆረጠ ጀሪካን አስቀምጦ ማፍሰሻውን ከፈተ። የመጀመሪያው ፈሳሽ ጥቁር ማር ይመስል ነበር፤ ሽታውም የቆየ ቫርኒሽ ነው። ጥቂት ካስቀመጠው በኋላ ከሥሩ ውሃ ለብቻው ተለይቶ፣ ከውሃውም በታች እንደ ቀይ ጭቃ ያለ ዝገት ዘቀጠ። ታንኩን የያዙትን ሁለት የብረት ቀበቶዎች ፈትቶ አወረደው። ንጹሕ ቤንዚንና አንድ እፍኝ ትናንሽ ብሎኖች ጨምሮበት ግራና ቀኝ ወዘወዘው፤ ድምፁ ጋራዡን ሞላው። ሲደፋው ከዝገቱ ጋር አንድ ሌላ ነገር ወጣ፤ የተድበለበለ፣ የበሰበሰ፣ ሰማያዊ ነገር።

በሁለት ጣቱ አሽቶ አሳየኝ። «መምህር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ክር ነው» አልሁ።

«ክር ታንክ ውስጥ ምን ይሠራል?»

መልሱን እርሱው አገኘው። ክዳኑን አንሥቶ ገለበጠና ከሥሩ ያለውን የጨርቅ ቀለበት በመዳፉ ጨመቀው፤ ከእጅ ፎጣ እንደሚወርድ ሁሉ ውሃው በጣቶቹ መካከል ወረደ።

«ዝናቡን ከሸራው እየጠጣ ወደ ውስጥ ሲያንጠባጥብ ነው የኖረው። ዝገቱም ከዚህ ነው፤ ክሩም ከዚህ ነው። ማነው ይሄን ያደረገ?»

ሰማያዊውን ጨርቅ አውቀዋለሁ። ባልየው በሕይወት ሳለ ያን ኮት ለብሶ በየጠዋቱ በደጃፌ ያልፍ ነበር። የማን ኮት እንደሆነና ማን እንደሰፋው ነገርሁት። አፍንጫው ቀለበቱን ከቆሻሻ ጨርቆች መካከል ጣለው።

«እኔ አልነግራትም» አለ። «የባሏን አደራ እጠብቃለሁ ብላ ውሃ ስታጠጣው ነው የኖረች ልበላት? ከአፌም አይወጣ። እርስዎ ይንገሯት፤ ንግግር ይችላሉ።»

እኔም አልነገርኋት። መልሱን እያወቀ ግማሹን ብቻ የጻፈ ተማሪ በስንፍና ሳይሆን በማታለል ነው የሚቀጣ እያልሁ የኖርሁ ሰው ነኝ።

በአራተኛው ቀን መኪናው ታክሞ ግቢ ገባ። ታንኩ ታጥቦ በፀሐይ ደርቋል፤ የቤንዚን ማጣሪያው ተቀይሯል፤ ክዳኑም አዲስ ላስቲክ ተደርጎለታል። ልብስ ሰፊዋ እጇን አጣምራ ቆማ ሞተሩን አዳመጠችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«ቤንዚኑ ተበላሽቶ ነው እትዬ። ስድስት ዓመት ቀላል ነው እንዴ!»

«እኔ ያጎደልሁት ነገር አለ ወይ?»

«ምንም!» አለ አፍንጫው፣ ዓይኑን ከያዘው የብሎን መፍቻ ሳያነሣ።

ወደ እኔ ዞረች። እኔም የእርሱን ቃል በማጽደቅ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ተበላሸ» የሚለው ግሥ አድራጊውን ከዐረፍተ ነገሩ ያስወጣዋል። ይህን ለተማሪዎቼ እንደ አንድ የሰዋስው ሥርዓት አስተምረው ነበር። ያን ቀን ለሁለት ትልልቅ ሰዎች መደበቂያ ሆነ።

ሁለት ሳምንት በሰላም ተመላለስን። ከሁለት ሰዓት በፊት ደርሰን እህትየውን ነርሶቹ ተቀብለው ያስገቧታል፤ ልብስ ሰፊዋ በሆስፒታሉ ኮሪደር የደንበኞቿ ልብስ ላይ ቁልፍ እየተከለች፣ እኔ ጋዜጣ እያነበብሁ እንጠብቃለን። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ጀመረ፤ ሦስት ቀንና ሌሊት አላባራም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ገና ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ አንዴ አነጠሰ። ደግሞ አነጠሰ። ከዚያ መኪናው እንደሚያነክስ ሰው ዘለል ዘለል ብሎ ከመንገዱ ዳር ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን ደጋግሜ አዞርሁ፤ አልነሣም አለ። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ምነው መምህር?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

እህትየው በኋላ ወንበር ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ሰውነቷ ውሃ በያዘ ቀን ጋደም ማለት አትችልም። መስኮቱን ገርበብ አድርጋ አየር ትስባለች፤ በየትንፋሿ መካከል ያለው ዝምታ ረዘም እያለ ሄደ። ለአፍንጫው ደወልሁለት። በሞተር ብስክሌት ዝናቡን ሰንጥቆ እስኪደርስ ድረስ እኛ ሰዓት ከማየት በቀር የምንሠራው አልነበረም።

የሞተሩን ሽፋን እንኳ አልከፈተም። በቀጥታ ወደ ኋላ ሄዶ የታንኩን ክዳን ፈታ፤ ፈትቶም ቆመ። ከአዲሱ ላስቲክ ላይ አዲስ ሰማያዊ የጨርቅ ቀለበት ተደርቦበታል። በመደረቡም ክዳኑ በደንብ አልገጠመም፤ ዝናቡ በክፍተቱ ሲገባ ሰንብቷል።

ልብስ ሰፊዋ ጃንጥላዋን ይዛ ወርዳ አጠገቡ ቆመች። «እኔ ነኝ የደረብሁበት» አለች። «ያንተ ላስቲክ ስስ መሰለኝ። የፊተኛው ስድስት ዓመት ይዞልኝ የለ?»

አፍንጫው ዝናቡ በፊቱ ላይ እየወረደ ወደ እኔ ተመለከተ። የተናገረው እርሱ ነው።

«እትዬ፣ አልያዘልዎትም። ታንክ ውስጥ ያገኘሁት የዚህን ኮት ክር ነው። ጨርቅ ውሃ ይጠጣል። ስድስት ዓመት ሙሉ ውሃ ያስገባው ያ ቀለበት ነው፤ ዛሬም ያስገባው ይሄ ነው።»

ጃንጥላው በእጇ ዘንበል አለ። «ስድስት ዓመት ሙሉ?»

«አዎ።»

«ያጎደልሁት ነገር አለ ወይ ብዬ ጠይቄህ አልነበረም?»

«ጠይቀውኛል። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎስ መምህር?»

«አውቅ ነበር» አልሁ።

«አደራውን በገዛ እጄ ሳበላሽ ኖሬያለሁ በለኛ!» አለችው፤ ድምፅዋ ግን ከቁጣ ይልቅ ስብራት ነበረበት። «ይሁን። ያን ጊዜስ ሳላውቅ ነው። ብትነግሩኝ ኖሮ ይሄን ሁለተኛውን እሰፋው ነበር? ዛሬ እዚህ ዝናብ ላይ እንቆም ነበር?»

«ተጣሉ!» አለች እህትየው ከመኪናው ውስጥ ትንፋሿን እየቆራረጠች፤ «ግን መጀመሪያ እኔን አድርሳችሁ ተጣሉ!»

አፍንጫው ወደ መንገዱ መሀል ገብቶ እጁን ዘርግቶ አንድ የዳቦ ማመላለሻ መኪና አስቆመ። ሦስታችን ተጋግዘን እህትየውን ከሹፌሩ አጠገብ አስቀመጥናት፤ ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ከዳቦ ሣጥኖቹ መካከል ገባች። እኔ ከቆመው መኪና ጋር ቀረሁ።

ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ሆኖ መሣሪያው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እስከ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ጠበቁ፤ በአራት ሰዓት እጥበት ፋንታ ሁለት ሰዓት ብቻ ተገኘላት። ዕለቱ ዓርብ ነበርና ቅዳሜንም እሑድንም እህትየው ትራስ ደራርባ ተቀምጣ አደረች እንጂ አልተኛችም። እግሯ ከጫማዋ አልገባ አለ። ቀልድም አልቀለደችም፤ እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው። ልብስ ሰፊዋ በሁለቱም ቀናት ደጃፌን አልረገጠችም። በመስኮት እንዳየኋት ከማሽኗ ፊት ተቀምጣ የኮቱን ቀሪ እጅጌ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ሳትቆርጠውም ሳትሰፋውም ትመለከተው ነበር።

አፍንጫው ታንኩን እንደገና አውርዶ አጠበ። የመኪናውን ዓይነት ትክክለኛ ክዳን ፈልጎ አመጣ፤ ሲገጥመውም እርሷን ጠርቶ እጇ ላይ ሰጥቶ አሳያት።

በሚቀጥለው የእጥበት ቀን ጠዋት እህትየውን አስገብተን ሞተሩን ላስነሣ ስል፣ «ቆይ» አለችኝ። ወደ ኋላ ሄዳ ክዳኑን ፈታች፤ ሥሩን በባዶ ጣቷ ዳሰሰች፤ መልሳም ቀጭ እስኪል ድረስ አዞረችው።

«ይኸው» አለች። «ልክ ነው ወይ? እውነቱን ይንገሩኝ።»

ከመኪናው ወረድሁ። በሕመም እንደ ልብ የማይታጠፈውን ጉልበቴን አጥፌ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ክዳኑን ዙሪያውን በጣቴ ፈተሽሁ። መልስ የሰጠሁት ከዚያ በኋላ ነው።

«ልክ ነው» አልሁ።

እርሷም ገብታ ከእህቷ አጠገብ ተቀመጠች።