በራዲዮ ያመሰገኑት ሽማግሌ

የታሰርሁት ጋዜጣ በማንበቤ ነው። ቆሰበር አስተማሪ ሳለሁ፣ በገበያ ቀን ገበሬዎች ከብበው «አንብብልን» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን «የጎጃም ገበሬ መሬቱ በመለካቱ ደስታውን ገለጸ» የሚል አነበብሁላቸው።

«የትኛው ገበሬ ነው?» አለኝ አንዱ።

«እኔም ፈልጌ አላገኘሁትም» አልሁት። ሳቁ። በማግሥቱ ሁለት ፖሊሶች ከክፍል አስወጥተው ዳንግላ ወሰዱኝ።

የታሰርሁበት ክፍል ጠባብ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ ነው። ዝናብ ሲጥል መደማመጥ አይቻልም። ውስጥ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ ከጥርባ በኩል የመጡ የአገው ገበሬ። ለኪዎች ማሳቸው ላይ ገመድ ሲዘረጉ ገመዱን ረግጠው ቆመው ነው የታሰሩት። አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። እኔም አገውኛ ከእናቴ ተምሬአለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት የእስር ቤቱ አዛዥ ሻምበል አስጠራኝና የተተየበ ወረቀት ሰጠኝ። «ሐሙስ ከአዲስ አበባ የራዲዮ ሰው ይመጣል። ሽማግሌው ይህን ይናገራል። አስጠናው።»

አነበብሁላቸው። «ሽፍቶች አሳስተውኝ ነበር፤ አሁን ገባኝ፤ መንግሥትን አመሰግናለሁ» ይላል።

«የጻፈው ሰው ያውቀኛል?» አሉኝ።

«አያውቅዎትም፣ አባ።»

«ታዲያ በእኔ አፍ ምን ያናግረዋል?»

ሁለት ቀን ሙሉ አነበብሁት። ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው የሚደግሙ ሰው አንዲት መስመር አልያዙልኝም። በመጨረሻ ተናደድሁ። «ይበሉትና ይውጡ እንግዲህ! ማን ያምነዋል?»

«የማይታመን ከሆነ ይህን ያህል ለምን ይለፉበታል?» አሉኝ።

ሐሙስ ሁለታችንንም አወጡን፤ ግቢው ውስጥ ለሽማግሌው ወንበር ተሰጣቸው። ጋዜጠኛው መቅረጫውን ከፈተ። ሽማግሌው ቀና ብለው፣ ቀስ ብለው፣ በአገውኛ ተናገሩ። የሻምበሉ ፊት ጠቆረ።

«ምን አሉ?» አለ ጋዜጠኛው።

«እያመሰገነ ነው። ተርጉምለት» አለኝ ሻምበሉ።

«መሬቴን ሳይጠይቁኝ ለኩት፤ ልጄን ደበደቡት፤ አመስግን የሚል ወረቀት አመጡልኝ፤ አላመሰግንም፤ ነው ያሉት» አልሁ።

ጋዜጠኛው መቅረጫውን ዘጋ። አልተቆጣም። «ግድ የለም፣ ድምፁን ይዘናል። ትርጉሙን እኛ እናስገባለታለን» አለ፣ ሽቦውን እየጠቀለለ። ከዚያ በኋላ ስለወረደብኝ ዱላ ብዙ አልልም። ከዱላው ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ የጋዜጠኛው ንግግር ነው።

እንዳለውም ሆነ። ከቀናት በኋላ ከዘቦቹ ራዲዮ የሽማግሌው ድምፅ ወጣ፤ ወዲያው የራዲዮ ጣቢያው ተናጋሪ ላዩ ላይ መጣበትና «በማለት ምስጋናቸውን በአገውኛ ገልጸዋል» አለ። ግድግዳውን በቡጢ መታሁት።

ሽማግሌው እጄን ያዙኝ። «ይልቅ ጆሮዬ በደንብ አልያዘውም፤ ቃሌ ሳይቆረጥ ተሰምቷል?»

«የመጀመሪያው ተሰምቷል። መሬቱና ልጅዎ።»

«ይበቃል። አገሬው ይሰማዋል።»

ማታ እራት ያቀበለን ዘብ የአገው ሰው ነበር። ሳህኑን ሲሰጣቸው እንደ ወትሮው አልወረወረውም፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አቀበላቸው።

ሽማግሌውን በሳምንቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። አዲስ አበባ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ግን ተፈትቼ ይህን ሁሉ ከነገርሁት በኋላ እንኳ «ሰውየው በራዲዮ ሲያመሰግኑ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ይለኛል። ሰልችቶኛል። ቢሆንም በመጣ ቁጥር አስቀምጬው ያሉትን በአማርኛ እነግረዋለሁ።