ድምፃቸውን ዝቅ የማያደርጉት አማቴ

ባሌ ፍስሐ ከሌላ ሴት ልጅ መውለዱን ዲላ ያለው ሰፈራችን በሙሉ ሲያንሾካሹክ፣ በግልጽ የነገሩኝ እናቱ ነበሩ። ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ልዘጋ ስነሳ፣ «ተይው! ያጠፋው ልጄ ነው፤ አንቺን ምን ያሳፍርሻል?» አሉኝ። አማቴ እቤት ያወሩትን መንገድ ላይም በዚያው ድምፅ ያወሩት ነበር። ልጅቷን አምጥተው ሲያሳድጉም፣ ገበያ መሃል «የልጅ ልጄ ናት!» ይሉ ነበር።

በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ሊነበብ ሲል፣ የባሌ ወንድም «የልጅቷ ስም ይቅር፤ ሰው ምን ይላል?» አለ።

«የተበደልኩት እኔ ነኝ። እኔ ያላፈርኩባትን ማን ሊያፍርባት ነው? ይነበብ!» አልኩት።

ተነበበ።

አሁን እሁድ እሁድ እኔና ልጅቷ ቤተ ክርስቲያን ስንቀመጥ፣ የእሳቸው ቦታ በመካከላችን ባዶ ነው። እሳቸውን የሰጠኝ ጌታ ይመስገን፤ የሚያየን ይየን።