የእናቴ አባት ሁለት ጎሳ

እናቴ ስለ አባቷ የምታወራው እንሰት ስትፍቅ ብቻ ነበር። አንድ እግሯን ሳንቃው ላይ አስደግፋ፣ ጭማቂው በክንዷ እየወረደ። እዚያ ጓሮ ወንድ አይመጣም፤ ለዚያ ይመስለኛል። አባቷ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ አለቁ፤ ቤሌ በኩል ልጅ ያልነበራቸው ሰዎች ወስደው አሳደጉት። የወለዱት ከአንድ ጎሳ ናቸው፣ ያሳደጉት ከሌላ።

"ስሙ ያሳደጉት ነው፣ ደሙ ግን የወለዱት ነው። ይህን ለሰው አታውሪ" ትለኝ ነበር።

ልጅ ነኝ፤ ለማን አወራለሁ? አሁን እሷ አረፈች፣ ነገሩ እኔ ላይ ቀረ።

ልጄ ሶዶ አስተማሪ ናት። አንድ የአረካ ልጅ ወደዳት፣ ወደደችውም፣ ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጎሳ ነው። ከአባት ጎሳ አይጋቡም፣ ከእናት ጎሳ አይጋቡም፤ ጠንቃቃ ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ የአያትንም ይጠይቃል።

"ጎሳው ምንድነው?" አልኳት። ነገረችኝ። አያቴን ያሳደጉት ሰዎች ጎሳ ነው። እናቴ ጓሮ ያወራችኝን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት።

"ታዲያ የወለዱትን ተናገሪያ፤ እውነቱ እሱ አይደል?"

"የወለዱት የአባትሽ ጎሳ ናቸው" አልኳት።

ባሌ እኔን ለማግባት ሽማግሌ በላከ ጊዜ፣ እናቴ ያሳደጉትን ጎሳ ጠርታ "አባቴ የእነሱ ነው" አለች። በዚያ ቃል ተዳርኩ። እንግዲህ የእሷን ቃል ከደገምኩ ልጄ አትዳርም። የጓሮውን ካወጣሁ እኔ ከእናቴ ጎሳ ተጋብቼ አራት ልጅ ወልጃለሁ ማለት ነው።

ልጄ ሳቀች። "ወይ እማ፣ ልትፋቱ ነው እንዴ? እኛ እኮ ቤተ ክርስቲያን ነው የምንጋባው። ጎሳ ምን ያደርጋል?"

"ሂጂና ለአማትሽ ንገሪያት!"

እነሱም ጸሎት ቤት ይሄዳሉ። ከጸሎት ሲወጡ ግን ጎሳ ይጠይቃሉ።

ያን ሰሞን ዳጣ በርበሬ በደቆስኩ ቁጥር ከእናቴ ጋር በልቤ እጨቃጨቅ ነበር። አዬ፣ አንቺ አርፈሻል። ስለ ጎርፉ፣ ጎርፉ ስለወሰዳት ላም፣ ስለ አጎትሽ በቅሎ ስንት ጊዜ ነገርሽኝ። ሲጠይቁሽ እንዲህ በዪ ማለት አቃተሽ? ለባሌም ልነግረው አፌን እከፍታለሁ፣ ፊቱን ሳይ እዘጋዋለሁ። ይቆጣል ብዬ አይደለም። ዝም ይላል ብዬ ነው የፈራሁት።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ትልቁ ወደ እኔ ዞሩ። "የእናትሽ አባትስ?"

"ያደገው ከእናንተ ጎሳ ቤት ነው" አልኩ። "የተወለደው ግን..." ብዬ የባሌን ጎሳ ጠራሁ።

ባሌ ቀና ብሎ አየኝ።

"ልጄ፣ የምትዪው ገብቶሻል?" አሉኝ ትልቁ።

"ገብቶኛል አባባ። ላብ ያጠመቀኝ ለምን ይመስልዎታል?"

ተነስተው አቮካዶው ሥር ሄደው ተማከሩ። እኔ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ከንፈራቸውን አያለሁ፤ የሚሰማ ነገር የለም። ልጄ ክንዴን ይዛለች፤ አሁን አትስቅም። ተመልሰው ሲገቡ ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ደሙ የኛ ካልሆነ ልጅቷን ስጡን። የናንተ ጋብቻ ደግሞ... ሥር ሰዷል፣ ማን ይነቅለዋል?"

ሰዉ ሳቀ። ባሌ አልሳቀም። እንግዶቹን ሸኝቶ ተመለሰና በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"እናትሽ ታውቅ ነበር?"

"ታውቅ ነበር።"

"አውቃ ነው የሰጠችኝ?"

"አውቃ።"

መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። እኔ እቃ ማንሳቱን ትቼ ቆሜ ጠበቅሁ።

"ትወደኝ ነበር ማለት ነዋ" አለ፤ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ስንት ቀን እንቅልፍ አጥቼ፣ እሱ በዚህ ይኮራል!

"ለእኔ ብላ ነው እንጂ!" ጮህኩበት።

"እሷ ነገረችሽ?"

አልነገረችኝም። የላሟን ነገር ነው የነገረችኝ።