ለሁለት የተከፈለው የቤት ሥራ

ወንድሜ በሁለት ዓመት ቢበልጠኝም ሰባተኛ ክፍልን አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። ባለፈው ዓመት ልክ ፈተና ሲደርስ ታይፎይድ ጣለውና ሳይፈተን ቀረ፤ እኔ ደግሞ ከስድስተኛ አልፌ ደረስኩበት። ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ዓመታት የቀሩበት ጊዜ ነው። ሰፈራችን ላፍቶ ያኔ ግማሿ ገጠር ነበረች፤ ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ ሽምብራ ይዘራል።

አባታችን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ዓመቱ ሲጀመር ወንድሜን አስቀምጦ ዘንድሮ ከወደቀ ትምህርት እንደሚያበቃና ሥራ እንደሚገባ ነገረው። አባታችን አንዴ ከተናገረ ተናገረ ነው፤ እናታችን እንኳን አታስቀይረውም። ሒሳብ ደግሞ የወደቀ ተማሪ ሌላው ሁሉ ቢሳካለትም ክፍል አያልፍም ነበር።

የሒሳብ አስተማሪያችን ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ ከልቤ አልወጣልኝም። ሁልጊዜ ሰኞ ሰኞ ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ የሳምንቱን ዓላማ ይጽፍና በሣጥን ይከበዋል። እስከ ዓርብ የሚያጠፋው የለም፤ ሌሎቹ አስተማሪዎች እንኳን እሱን አልፈው ነው የሚጽፉት። የዓላማው መጨረሻ ሁሌ አንድ ነው፤ ተማሪው አሠራሩን ለጓደኛው ማስረዳት ይችላል ይላል።

የቤት ሥራ ከሃያ ይያዝ ነበር። ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ደወል ሳይደወል ጉልበት ላይ አስቀምጦ መገልበጥ የተለመደ ስለሆነ፣ አስተማሪው አንድ ዘዴ ዘየደ። ሁለት ተማሪ አንድ ዓይነት አሠራር ካመጣ ማርኩ ለሁለት ይከፈላል። ማን ከማን እንደገለበጠ አልመረምርም፣ ተካፈሉት፣ አለን። ገልባጮቹ ወዲያው ብልጥ ሆኑ፤ አንድ ሁለት መስመር እየቀያየሩ አመለጡ። የተያዝነው እኛ ነን።

መጽሐፍ ስለሚያጥር ለአንድ ቤት ልጆች የሚሰጠው አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር የምንሠራው፣ የምንሠራው ስል ግን እሱ ነው የሚያስረዳኝ። የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ከውስጥ በኩል በከሰል ይጽፍበታል። ኤክስን ወዲህ፣ ቁጥሩን ወዲያ እያሻገረ ቀስ ብሎ ያሳየኛል፤ ከዚያ በእጁ ይጠርገውና፣ አሁን ደግሞ አንቺ አስረጂኝ ይለኛል። ቢገባኝም ባይገባኝም ሳላስረዳው አይለቀኝም። ስሳሳት አይቆጣም፣ ግንባሩን በከሰል እጁ እያሸ ይጠብቀኛል። እናታችን በሩ ጠቆረ ብላ ስትቆጣ ጥፋተኛው እሱ ነው። እንዲህ የተማረ ሰው ሌላ አሠራር ከየት ያመጣል? ደብተሮቻችን አንድ ሆኑ፣ ማርካችንም ለሁለት ተከፈለ።

ለአስተማሪው እንንገረው ስለው ከለከለኝ። ደጋሚ ሆኖ እኔ ነኝ የማስጠናት ቢል ማን ያምነዋል? ክፍሉ በሙሉ ይስቅበታል። ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ እኔን ማስጠናቱን ሳያቋርጥ የራሱን የቤት ሥራ ማስረከብ አቆመ።

«አንቺ ፈተና ትፈሪያለሽ፣ ሙሉውን ያዢው» አለኝ። «እኔ ፈተና ላይ አመጣዋለሁ።»

አመንኩት። እሱ የማይሠራው ጥያቄ አልነበረማ።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ደወሉ ሲደወል ቀና ብዬ አየሁት፤ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። እያንዳንዱን ጥያቄ ለእኔ እንደሚያስረዳኝ አድርጎ፣ አንድም መስመር ሳይዘል ጽፎታል። አራተኛውን ገጽ ሳይነካው ወረቀቱ ተነጠቀ። የሠራው ሁሉ ትክክል ነበር። በድምሩ ያመጣው ግን ከመቶ አርባ ስድስት ነው፤ የቤት ሥራው ግማሽ እንኳን ቢያዝለት ከሃምሳ ያልፍ ነበር።

ካርድ የምንቀበል ዕለት አባታችን አብሮን መጣ። አስተማሪው ለአባቴ በትሕትና፣ ልጅዎ ከእህቱ መገልበጥ ስከለክለው ጭራሽ የቤት ሥራ መሥራት ተወ አለው። አባቴ ወንድሜን እንዴት እንዳየው አልረሳውም። ወንድሜ መሬት መሬት ያያል። እኔ አላስቻለኝም።

«ቲቸር፣ እሱ ነው ያስጠናኝ» አልኩ። «የኔ ማርክ ሁሉ የእሱ ነው።»

አስተማሪው ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጽፎ ወንድሜን እንዲያስረዳው ጠየቀው። ወንድሜ ጠመኔውን ተቀብሎ ቀስ ብሎ አስረዳው፣ እንደ ልማዱም ሲጨርስ አጠፋው። አስተማሪው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ሮስተሩ ተሠርቶ ቢሮ ገብቷል፣ ከእንግዲህ ማርክ አይቀየርም» አለ። «ለምን ቀደም ብላችሁ አልነገራችሁኝም?»

ካርዳችንን ይዘን ወጣን። አባታችን ቃሉን ያጥፍ ይሆናል ብዬ መንገዱን ሙሉ ስጠብቅ ነበር። አላጠፈም። ወንድሜ መስከረም ሳይጠባ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኖ ገባ።

ስምንተኛ ክፍል ስገባ አዲሱ የሒሳብ መጽሐፍ ለብቻዬ ተሰጠኝ። የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ይዤ ብዙ ታገልኩ፣ ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ ድምፁ ተሳፋሪ በመጥራት ሰልሎ፣ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ነበር። እጁን እንኳን ሳይታጠብ መጽሐፉን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው፣ ገጹን ወደ ኋላ ገልጦ አየ፣ ተመልሶም አነበበው። ከዚያ ቀስ ብሎ መለሰልኝ።

«ይሄን እኔ አልተማርኩትም» አለኝ።